ከሕርቃል ሥር ፎቃስን መፈለግ፦ ዳግም የተመቱ ጥንታዊ የነሐስ ሳንቲሞችን የመሰብሰብና የመለየት መመሪያ

ንጉሥ ሕርቃልን በስም የማያውቅ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ጥቂት ነው። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ጾመ ሕርቃል የሚባለው በእሱ ስም ነው፤ ከፋርሶች ጋር ተዋግቶ የጌታን መስቀል ወደ ኢየሩሳሌም የመለሰው የቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት ነው። ይህ ንጉሥ ያስመታቸው የነሐስ ሳንቲሞች ዛሬም በብዛት አሉ፤ ከጥንታዊ ሳንቲሞች መካከል ዋጋቸው ዝቅ ካሉት ተርታም ይመደባሉ። የረከሱበት አንዱ ምክንያት መልካቸው ነው። ጠርዛቸው የተቆራረጠ፣ ፊደላቸው የተደራረበ ነው፤ በንጉሡ ፊት ላይ ቦታው ያልሆነ መስመር ያልፋል። ብዙ ጀማሪ ሰብሳቢ "ተበላሽቷል" ብሎ ያልፋቸዋል።

ቦታው ያልሆነው መስመር ግን ከሥር ያለ የሌላ ሳንቲም ቅሪት ነው። ብራና ተፍቆ እንደገና እንደሚጻፍበት፣ አሮጌው ሳንቲም ሳይቀልጥ አዲስ ምስል ተመትቶበታል። በዚህ መመሪያ፣ ከላይ ያለውን አዲሱን ምስል "የላይኛው ምት"፣ ከሥር የቀረውን "የታችኛው ምት" እላለሁ። መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የምመክረው እነዚህን ሳንቲሞች ነው። ያማረ የወርቅ ሳንቲም ገዝቶ ማየት ገንዘብ ያለው ሁሉ ይችላል፤ የታችኛውን ምት አንብቦ የንጉሡን ስም ማውጣት ግን ትዕግሥትና ዓይን ይጠይቃል፤ የሚያስገኘው ዕውቀትም እውነተኛ ነው።

ለምን በአሮጌ ሳንቲም ላይ ይመቱ ነበር?

በዚያ ዘመን ሳንቲም የሚሠራው በመዶሻ ነው። ታችኛው ማኅተም መቀመጫ ላይ ይተከላል፤ ጠፍጣፋው ነሐስ በላዩ ይቀመጣል፤ ላይኛው ማኅተም በእጅ ተይዞ በመዶሻ ይመታል። አድካሚው ሥራ መምታቱ ሳይሆን ጠፍጣፋውን ማዘጋጀት ነው፤ ነሐሱ መቅለጥ፣ መፍሰስ፣ በልክ መቆረጥ አለበት። ማገዶም ጊዜም ይበላል። አገልግሎት ላይ የዋለ ሳንቲም በአንጻሩ ተዘጋጅቶ ያለቀ ጠፍጣፋ ነው።

ሕርቃል ዙፋኑን ከፎቃስ የነጠቀው በጥቅምት 610 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከካርታጎ በመርከብ መጥቶ። ይህንን ዓመፅ በተለይም ግብፅ ውስጥ የሆነውን በሰፊው የሚተርከው የዮሐንስ ዘኒቅዩስ ዜና መዋዕል ዛሬ ተርፎ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። አዲሱ ንጉሥ የተረከበው ባዶ ግምጃ ቤትና የተጀመረ ጦርነት ነበር። ፋርሶች ደማስቆን በ613፣ ኢየሩሳሌምን በ614፣ ግብፅን በ619 ያዙ። ግብር የሚከፍሉት አገሮች ሲሄዱ የሳንቲሙ ክብደትም ወረደ። በንግሥናው መጀመሪያ ወደ 11 ግራም ይመዝን የነበረው ትልቁ የነሐስ ሳንቲም፣ ፎሊስ የሚባለው፣ በ620ዎቹ ግማሽ ያህል ሆነ። ፋርሶች ተሸንፈው ሰላም ሲመጣ በ629 እንደገና ወደ 11 ግራም ከፍ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ወደቀ።

ይህ የክብደት ውጣ ውረድ የምትይዙት ሳንቲም ለምን እንዲህ እንደሆነ ያስረዳችኋል። ክብደቱ ሲቀነስ አሮጌውን ከባድ ሳንቲም ለሁለት ቆርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ መምታት ይቻላል፤ ቀጥ ያለ የመቀስ ወይም የመሮ ጠርዝ ያላቸው፣ አንዳንዴ ሦስት ማዕዘን የሚመስሉ ሳንቲሞች የመጡት ከዚህ ነው። ክብደቱ ከፍ ሲል ደግሞ የቀድሞዎቹ ነገሥታት ሙሉ ሳንቲሞች ሳይቆረጡ ተመተዋል። በ20ኛው የንግሥና ዓመት የተመቱት ላይ የታችኛው ምት በደንብ የሚነበበው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፦ የላይኛው ምት ሁልጊዜ ከታችኛው በኋላ የመጣ ነው። የዚህ ዓይነት ሳንቲም ለታሪክ ያለው ዋጋ በሙሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

የሚያስፈልጋችሁ መሣሪያ

ብዙ አይደለም። 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፤ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ የጌጣጌጥ ሚዛን፤ ስፋት ለመለካት ካሊፐር፣ ብረቱን እንዳይጭር የፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል፤ አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት፤ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፤ ትሬሲንግ ወረቀትና ሹል እርሳስ። ከእነዚህ ሁሉ አስፈላጊው መብራቱ ነው። ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ መዝኑ፣ ለኩ፣ ጠርዙን እዩ

ምስሉን ከማየታችሁ በፊት ክብደቱንና ስፋቱን ጻፉ። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፤ ምስሉን ካያችሁ በኋላ ቁጥሩን ለፈለጋችሁት ንጉሥ ማመቻቸት ይመጣል። ከዚያ ጠርዙን ዙሪያውን አዙራችሁ እዩ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጎን አለ? ካለ የታችኛው ምት ሙሉ አይሆንም፤ ግማሹን ብቻ ነው የምትፈልጉት። ሳንቲሙ በዘመኑ ከነበረው ልክ በጣም ሰፍቶ ከሳሳ ደግሞ ሁለት ጊዜ የመዶሻ ጫና ያገኘ ሊሆን ስለሚችል ተጠርጣሪ ነው።

ደረጃ 2፦ የላይኛውን ምት ጨርሳችሁ አንብቡ

ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው ከሥር ወዳለው ነው። የላይኛውን ሳያውቁ ግን የትኛው መስመር "ትርፍ" እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ጀርባው ቀላል ነው። ከ498 እ.ኤ.አ. የንጉሥ አናስጣስዮስ ማሻሻያ ወዲህ የፎሊስ ጀርባ ትልቅ ኤም ፊደል አለበት፤ በግሪክ አቆጣጠር 40 ማለት ነው፣ 40 ኑሚ፤ ኑሚ የዘመኑ ትንሿ የነሐስ ገንዘብ መለኪያ ናት። ኬ 20፣ አይ 10፣ ኢ 5 ነው። ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በ538/9 የንግሥና ዓመት እንዲጻፍ አደረገ፤ ስለዚህ ከኤሙ በስተግራ ከላይ ወደ ታች "አኖ" የሚል ቃል፣ በስተቀኝ ደግሞ የዓመቱ ቁጥር በሮማውያን አኃዝ ይገኛል። በኤሙ እግሮች መካከል ያለችው ትንሽ ፊደል የሥራ ክፍሉ ምልክት ናት፤ በቁስጥንጥንያ ከአልፋ እስከ ኤፕሲሎን አምስት ክፍሎች ነበሩ። ከሁሉ በታች የከተማው ምልክት አለ፦ "ኮን" ቁስጥንጥንያ፣ "ኒኮ" ኒቆምድያ፣ "ኪዝ" ኪዚኮስ።

ፊቱ ዘመኑን ያጠብባል። የሕርቃል ሳንቲም አንድ ሰው ብቻ ከደረቱ በላይ ከታየ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ ትልቁ ሕርቃል፣ ትንሹ በ612 የተወለደውና በ613 መጀመሪያ ዘውድ የተጫነለት ልጁ ሕርቃል ቆስጠንጢኖስ ነው። እንግዲህ በሦስተኛው ዓመት ሳንቲም ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ የምታዩት ንጉሥ ገና ሕፃን ነበር። ቀጥሎ ንግሥት ማርቲና ተጨምራ ሦስት ይሆናሉ። በ20ኛው ዓመት ሕርቃል ረጅም ጢም አውጥቶ፣ የጦር ልብስ ለብሶ፣ ረጅም መስቀል ይዞ ይመጣል፤ ከጦርነቱ የተመለሰው ሕርቃል ይህ ነው። በጀርባው ከኤሙ በስተግራ የስሙ ፊደላት አንድ ላይ ተጠላልፈው ተቀርጸዋል።

ከእሱ በኋላ በነገሠው በልጅ ልጁ በኮንስታንስ 2ኛ ጊዜ (641–668) ፊቱ ላይ "ኤን ቱቶ ኒካ"፣ በዚህ ድል ንሣ የሚል የግሪክ ጽሑፍ ተጻፈ። የአክሱሙ ንጉሥ መሐድይስ ከዚያ አስቀድሞ በነሐስ ሳንቲሙ ላይ በግዕዝ "በዝ መስቀል ትመውእ" ብሎ ነበር። የኮንስታንስ ሳንቲሞች ብዙዎቹ በሕርቃል ሳንቲም ወይም በቁራጩ ላይ የተመቱ ስለሆኑ በአንድ ቁራጭ ነሐስ ላይ ሦስት ምት የሚገኘው እዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ መብራቱን ዝቅ አድርጉ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ገባን። የክፍሉን መብራት አጥፉ። የጠረጴዛውን መብራት ከሳንቲሙ ወለል ጋር ሊተካከል እስኪደርስ ዝቅ አድርጉት፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከላይ የሚወርድ ብርሃንና የስልክ ፍላሽ ጥላ ስለማይፈጥሩ የተጨፈለቀውን ምስል ይሰውሩታል። ሳንቲሙን ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን አዙሩ። በአንድ አቅጣጫ የማይታይ ፊደል ሩብ ዙር ስትዞሩ ብቅ ይላል፤ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑ ከአራት አቅጣጫ እየመጣ አራት ፎቶ አንሡ፣ በሁለቱም ገጽ።

የት መፈለግ እንዳለባችሁ የሚወስነው የምቱ ባሕርይ ነው። አዲሱ ማኅተም ሲያርፍ አብዝቶ የሚጨፈልቀው ምስል የሌለበትን ሜዳ ነው። በማኅተሙ ላይ ተቦርቡሮ በሳንቲሙ ላይ ጎልቶ የሚወጣው ክፍል፣ የንጉሡ ጉንጭ፣ ደረቱ፣ የኤሙ ወፍራም እግር፣ ያነሰ ጫና ያገኛል። ስለዚህ የታችኛው ምት ከሚተርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ጎልቶ የወጣው ክፍል አናት ነው። በሕርቃል ደረት ላይ የተጋደመ ፊደል ስታዩ አትገረሙ። ሁለተኛው ቦታ ጠርዙ ነው፤ ማኅተሙ መሐል ሳይሆን ወደ ጎን ካረፈ ያልተነካ ጨረቃ መሰል ቁራጭ ይቀራል፤ የአሮጌው ሳንቲም ጽሑፍ ደግሞ የሚዞረው በዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ሦስተኛው ምቱ ደክሞ ያረፈበት ማንኛውም ሥፍራ ነው።

አንድ ነገር አትርሱ፦ መቺው አሮጌውን ሳንቲም ሲያስቀምጥ ፊትና ጀርባውን አልለየም፣ አቅጣጫውንም አላስተካከለም። የአሮጌው ጀርባ በአዲሱ ፊት ሥር ሊሆን ይችላል፤ ምስሉም በማንኛውም ማዕዘን ተዘቅዝቆ ወይም ተጋድሞ ይገኛል። "ኤሙ እዚህ ነው፣ እንግዲህ አሮጌው ኤምም እዚህ ይሆናል" ብሎ መጀመር ያሳስታል።

ደረጃ 4፦ ፍንጩን ለንጉሥ ስጡ

ከሕርቃል ሥር የሚገኙት እጩዎች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚያጋልጣቸው ምልክት አላቸው።

ፎቃስ (602–610) ለመለየት ከሁሉ ይቀላል። በቁስጥንጥንያና በአካባቢዋ ባስመታቸው ሳንቲሞች ጀርባ 40ን በኤም ፋንታ በአራት ኤክስ ነው የጻፈው፤ "አኖ" የሚለውም ከጎን ሳይሆን ከላይ አግድም ነው። በፊቱ ቆንስል የሚባለው የሮማ ከፍተኛ ሹም የሚለብሰውን ሰፊ ጥልፍ ልብስ ለብሶ በአንድ እጁ ጨርቅ፣ በሌላው መስቀል ይዟል። ስሙ በኤፍ ይጀምራል፤ ከእሱ በቀር በዚህ ዘመን ስሙ በኤፍ የሚጀምር ንጉሥ የለም።

ሞሪስ (582–602) አንድ ሰው ከደረቱ በላይ፣ ዘውድ ወይም ቆብ ደፍቶ መስቀል ያለበት ሉል ይዞ፤ ጀርባው ተራ ትልቅ ኤም። ከሕርቃል የመጀመሪያ ዓመታት ሳንቲም ጋር በቀላሉ ስለሚምታታ ያለ ጽሑፍ "ሞሪስ ነው" ለማለት አትድፈሩ።

ጢባርዮስ 2ኛ (578–582) ጀርባው ላይ ያለው ኤም እንደ እጅ ጽሑፍ ክብ ትከሻ ያለው ነው፤ በትሩም አናት ላይ ንስር አለ።

ዮስጢኖስ 2ኛ (565–578) ከንግሥት ሶፍያ ጋር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ይታያል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክብ ራሶችና ከሥራቸው የዙፋን መስመሮች ካገኛችሁ እነሱ ናቸው። የቆሙት ሕርቃልና ልጁ ላይ የተቀመጡት ዮስጢኖስና ሶፍያ ሲገናኙ አራት ራስ ይደባለቃል፤ ይህን መለየት በጣም ከባድ ነው።

አሁን አንድ የተለመደ ሁኔታ በቅርብ እንየው። በእጃችሁ ያለው የሕርቃል ሳንቲም ሁለቱ ቆመው የሚታዩበት፣ ከኤሙ በስተቀኝ ሦስት ቀጥታ መስመሮች ያሉበት፣ ከታች "ኮን" የሚነበብበት ነው። 3ኛ ዓመት፣ ከጥቅምት 612 እስከ ጥቅምት 613 ማለት ነው። ሚዛኑ 11 ግራም ገደማ ይላል። መብራቱን ዝቅ ስታደርጉ በኤሙ ግራ እግር ላይ ሰያፍ መስመር ያልፋል፤ ከእግሩ ውጭ ሜዳው ላይ ሌላ ሰያፍ መስመር በተቃራኒው ይመጣና ያቋርጠዋል። አንድ ኤክስ። ሳንቲሙን ሩብ ዙር አዙሩና የኤክሱን እግሮች በእርሳስ አስተካክላችሁ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ሳሉ። ከዚያ በተመሳሳይ መስመር ቀጥሎ ምን እንዳለ ፈልጉ፤ ሁለተኛው ኤክስ በኤሙ ተጨፍልቆ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ የአራተኛው ጫፍ ግን በሌላኛው ወገን ይወጣል። ከኤክሶቹ በላይ አግድም የተጻፉ ትንንሽ ፊደላት ካሉ የ"አኖ" ቅሪት ናቸው። አሁን ሳንቲሙን ገልብጡና በሁለቱ ነገሥታት ዙሪያ ጠርዙን ተከተሉ፤ ኤፍ፣ ኦ፣ ሲ የሚሉ ፊደላት ካገኛችሁ ሥራው አልቋል። ሕርቃል የገደለውን ሰው ሳንቲም በራሱ መልክ ሸፍኖታል።

ለማረጋገጥ ስልኩን ተጠቀሙ። ጥርት ያለ የፎቃስ ፎሊስ ፎቶ ውሰዱ፤ ዋሽንግተን ዲሲ ጆርጅታውን ያለው የደምባርተን ኦክስ ስብስብ በዓለም ካሉት ትልልቅ የቢዛንታይን፣ ማለትም የቁስጥንጥንያ መንግሥት፣ ሳንቲም ስብስቦች አንዱ ሲሆን ፎቶዎቹን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ያሳያል። ሁለቱን ፎቶዎች በሚሊሜትር ልክ አስተካክሉ፣ የፎቃስን ግማሽ በግማሽ አሳላፊ አድርጋችሁ በላዩ ደርቡ፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ የተራራቁ ሦስት ምልክቶች በአንድ ጊዜ ካልገጠሙ ስም አይሰጥም። አንድ ኤክስ ብቻውን ጭረት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ምልክት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ የሚመስሉትን አስወግዱ

የተደራረበ ሁሉ ዳግም የተመታ አይደለም። መዶሻው ሁለት ጊዜ አርፎ ማኅተሙ መሐል ላይ ከተንሸራተተ ያው ምስል ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ሁለት አፍንጫ፣ ሁለት "ኮን"። እዚያ ባዕድ ፊደል የለም። ምስሉ ወደ ውስጥ የገባና በመስታወት እንደሚታይ የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ሳንቲም ከማኅተሙ ሳይላቀቅ የተመታ ነው። ትንሽ ክብ ወይም ሞላላ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ራስ ወይም የተጠላለፉ ፊደላት ከሆነ ያ በትንሽ ማኅተም ተመትቶ የተደረገ ምልክት ነው፤ ሕርቃል በሲሲሊ በቀድሞ ነገሥታት ትልልቅ ፎሊሶች ላይ እንዲህ ያለ ምልክት አስመትቷል። እነዚህ በራሳቸው የሚወደዱ ናቸው፤ የቀረው የአሮጌው ሳንቲም ገጽ ሳይሸፈን ስለሚታይ ለማንበብም ይቀልላሉ።

ስም ለሌላቸው ሳንቲሞች ቅደም ተከተል የሰጠው ዘዴ

የላይኛው ሁልጊዜ ኋለኛ ነው የሚለው ሕግ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚያሳየው ሌላ የቢዛንታይን ሳንቲም ነው። በዮሐንስ ዚሚስኪስ ዘመን (969–976) በቁስጥንጥንያ የንጉሥ ስምም ምስልም የሌለው ፎሊስ መውጣት ጀመረ። በፊቱ የክርስቶስ ሥዕል አለ፤ በጀርባው በአራት መስመር "ኢየሱስ ክርስቶስ ንጉሠ ነገሥት" የሚል የግሪክ ጽሑፍ። ከዚያ ወዲህ እስከ አሌክሲዮስ 1ኛ የ1092 የገንዘብ ለውጥ ድረስ የተለያየ መልክ ያላቸው ስም የለሽ ፎሊሶች ተከታተሉ። ዓመት የለም፣ ስም የለም፤ ታዲያ የትኛው ይቀድማል?

መልሱን የሰጡት ዳግም የተመቱት ናቸው። በ1954 አሜሪካዊቷ የሳንቲም ሊቅ ማርጋሬት ቶምፕሰን ከአቴንስ አጎራ (ከጥንቱ የገበያ አደባባይ) ቁፋሮ የወጡትን ሳንቲሞች መርምራ፣ የትኛው ዓይነት በየትኛው ላይ እንደተመታ እየተከተለች፣ ከኤ እስከ ኬ በፊደል የሚጠሩ ክፍሎችን በቅደም ተከተል አስቀመጠች። ዛሬም ነጋዴው፣ ሙዚየሙ፣ ሰብሳቢው የሚጠቀመው ይህንኑ ነው።

በእጃችሁ ለመሞከር ከሁሉ የሚመቸው ክፍል ሲ ነው፤ በፊቱ ክርስቶስ እስከ ጉልበቱ ቆሞ፣ በጀርባው በዕንቁ ያጌጠ መስቀል በአራት ማዕዘኑ "ኢየሱስ ክርስቶስ ድል ነሣ" የሚሉ ምሕጻረ ፊደላት ይዞ። ለሚካኤል 4ኛ (1034–1041) ይሰጣል። ከሥሩ በደረጃ ላይ የቆመ መስቀል ካገኛችሁ ክፍል ቢ ነው፣ የሮማኖስ 3ኛ (1028–1034)፤ አግድም የተደረደሩ የጽሑፍ መስመሮች ካገኛችሁ ክፍል ኤ ነው። እመቤታችን እጆቿን ዘርግታ ስትጸልይ በጀርባው ያለችበት ክፍል ጂ ከሮማኖስ 4ኛ (1068–1071) ጋር ይያያዛል። በአግድም ጽሑፍ ላይ የተመታ ምስል ለማንበብ ስለሚቀል፣ ዓይናችሁን በእነዚህ አሠልጥናችሁ ወደ ሕርቃል ብትመጡ ጥሩ ነው።

ከቢዛንታይን ውጭ በሲሲሊ ከተሞች በጥንታዊት ሰራኩስ ትልልቅ ነሐሶች ላይ የተመቱ አሉ። ከ132 እስከ 135 እ.ኤ.አ. በሮማውያን ላይ ያመፁት የአይሁዳዊው መሪ የባር ኮክባ ሰዎች ሳንቲሞች ደግሞ ሁሉም በሮማውያንና በአካባቢው ከተሞች ሳንቲም ላይ የተመቱ ናቸው፤ እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ኢየሩሳሌም በሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም ልታዩዋቸው ትችላላችሁ። በብሩ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ፊደል ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ነሐሱን ግን አስቀድመው በሞረድ ስለሚልጉት የታችኛው ምት ብርቅ ነው። ውድ ናቸው፣ ሐሰተኛውም ብዙ ነው፤ ለጀማሪ አይሆኑም።

ስትገዙ

የታወቀ አድራሻና ደረሰኝ ካለው፣ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘብ ከሚመልስ ነጋዴ ወይም ጨረታ ቤት ግዙ። ሳንቲሙ ከየትኛው የቀድሞ ስብስብ እንደመጣ ጠይቁ፤ መልሱ "ከሜዳ የወጣ፣ ያልጸዳ" ከሆነ ተዉት። የተዘረፈ የቁፋሮ ሥፍራ ሳንቲም ከየት ንብርብር እንደወጣ ማንም አያውቅም፤ ያ መረጃ ደግሞ ከሳንቲሙ ይበልጣል።

ሕጉም ይመለከታችኋል። በእስራኤል የ1978 ሕግ ከ1700 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራን ዕቃ ጥንታዊ ቅርስ ይለዋል፤ ከሕጉ ወዲህ የተገኘው የመንግሥት ነው፣ ሻጩ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ከአገር ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ከቆጵሮስ፣ ከጣልያን፣ ከግሪክ፣ ከቱርክና ከሌሎችም አገሮች ጋር ባላት ስምምነት የተወሰኑ ጥንታዊ ሳንቲሞች ያለ ማስረጃ እንዳይገቡ ታግዳለች፤ ከውጭ ከማዘዛችሁ በፊት አጣሩ። አገር ቤት ደግሞ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በእርሻም ሆነ በቁፋሮ የተገኘ የአክሱም ሳንቲም ለቅርስ ባለሥልጣን የሚነገር እንጂ የሚሸጥ አይደለም። በዘመድ በኩል "አንድ ሁለት ላምጣልህ" የሚላችሁ ቢኖር እምቢ በሉ።

ሐሰተኛውን በተመለከተ ዳግም የተመታ ሳንቲም ትልቅ ጥቅም አለው። ያው ማዕዘን፣ ያው መንሸራተት፣ ያው የተረፈ ፊደል ሁለት ጊዜ አይደገምም። በተለያየ ሻጭ ዘንድ ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ካያችሁ ቢያንስ አንዱ ከሌላው በቅርጽ የተቀዳ ነው። በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመርና በሜዳው ላይ የአረፋ ቀዳዳዎችም የቀለጠ ነሐስ ፈሶ የተሠራ ሐሰተኛ ምልክቶች ናቸው።

ማጽዳትና ማስቀመጥ

የታችኛው ምት ቁመቱ ከፀጉር አይበልጥም። በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በብረት ብሩሽ የታሸ ሳንቲም አብረቅርቆ ይወጣና ከሥር የነበረው ንጉሥ ይጠፋል። ከአሲድና ከኤሌክትሪክ ማጽጃ ራቁ። አፈር ከያዘ በዲስቲልድ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን በየጊዜው ለውጡ፣ የላላውን በለስላሳ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር አንሡ። አረንጓዴው ወይም ቡናማው ጠንካራ ሽፋን ቆሻሻ አይደለም፤ ተዉት፣ ምስሉን የያዘው እሱ ነው።

ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ግን ቸል አትበሉ። የነሐስ በሽታ የሚባለው ነው፤ በብረቱ ውስጥ የቀረ ክሎራይድ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ነሐሱን ይበላዋል። ያንን ሳንቲም ከሌሎቹ ለዩት፣ ዱቄቱን በስንጥር አስወግዱ፣ በዲስቲልድ ውሃ ደጋግማችሁ ዘፍዝፉ፣ ፈጽሞ አድርቁት፣ ለጥቂት ሳምንታት ተመልከቱት። ከተመለሰ ለባለሙያ ስጡት። የቀሩትን በደረቅ ቦታ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ሣጥን አስቀምጡ። ለስላሳው የፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢት ከጊዜ በኋላ ብረቱን የሚጎዳ ነገር ስለሚያወጣ የወረቀት ኤንቨሎፕ ይሻላል።

መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ካርድ ይኑር። ክብደት፣ ስፋት፣ የላይኛው ምት ንጉሥ፣ ከተማ፣ የሥራ ክፍልና ዓመት፤ ከዚያ የታችኛው ምት፣ በየትኛው ገጽ ሥር እንዳለና ስንት ሰዓት ላይ እንደተዞረ። የአዲሱ ምስል አናት 12 ሰዓት ቢሆን የአሮጌው አናት ወዴት ያመለክታል? "የታችኛው ምት፦ ፎቃስ፣ ጀርባው በአዲሱ ጀርባ ሥር፣ ወደ 3 ሰዓት" ብላችሁ ከጻፋችሁ ማንኛውም ሰው ሳንቲሙን አንሥቶ ንባባችሁን ሊፈትሽ ይችላል። የሳላችሁበትን ትሬሲንግ ወረቀትና አራቱን ፎቶዎች አብራችሁ አስቀምጡ። ከገዛችሁበት ቦታ የመጣውን አሮጌ ወረቀትም አትጣሉ፤ የሳንቲሙ ታሪክ ክፍል ነው።

ሦስቱ ምልክቶች ካልገጠሙላችሁ በስሙ ቦታ ላይ "ያልታወቀ" ጻፉና ያያችኋቸውን ፊደላት ብቻ እንዳሉ ቅዱ። የተሻለ ፎቶ ወይም ሌላ ተመሳሳይ ሳንቲም ሲገኝ ካርዱን አውጥታችሁ እንደገና ትሞክራላችሁ።